በሩን የሚያየው ወንበር

ጥቅምት 4

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? አቧራው፣ ፀሐዩ፣ ያ ወገብህን የሚያምስብህ የመንገድ ግሬደር እንዴት ይዘውሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ተመስገን። ትንሹም ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሎሃል።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ወረረኝ። የከተማው ልጅ ሁሉ ተማክሮ በአንድ ክረምት ያደገ ይመስል፣ እጅጌ አስረዝሚ፣ ወገብ ልቀቂ ነው ቀኑን ሙሉ።

ለጠየቅከኝ ሁሉ በተራ ልመልስልህ። አዎ፣ ጥሪው ደርሶናል። ጡረታ የሚቀበሉ የጦር ጉዳተኞች በሙሉ እንደ አዲስ በሕክምና ቦርድ ፊት ይቅረቡ ተብሏል፤ የትንሹ ወንድማችን ተራ በዚሁ ወር መጨረሻ ነው። አዎ፣ እንዳልከው ሙሉ ልብስ ሰፋሁለት። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጨርቁን ለክፉ ቀን ብዬ ሣጥን ውስጥ ያኖርኩት ነበር።

የቀኝ ትከሻው ነገር መቼም ይገባሃል። የቦምቡ ፍንጣሪ ሥጋውን ይዞት ከሄደ ወዲህ ወደ ታች ወርዶ ቀርቷል፤ ተራ ኮት ሲለብስ መስቀያ ላይ በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከገበሩ ሥር ስፖንጅ ደራርቤ፣ እጅጌውንም በዚያው ልክ አስተካክዬ፣ ሁለቱን ትከሻዎች እኩል አደረግኳቸው። ሰፊ ነኝና ጉድለት መሸፈን እንጀራዬ ነው፤ ቦርጫሙን ሸንቃጣ፣ ጎባጣውን ቀጥ ያለ ሳደርግ ነው የኖርኩት። እንደዚህ ኮት የተሳካልኝ ሥራ ግን የለም። መስታወት ፊት አቁሜ እስቲ ራስህን እይ ብለው፣ ራሱን ትቶ ከኋላው ያለውን በር በመስታወቱ ውስጥ ያይ ነበር።

ምን እየሠራ ይውላል ላልከው፣ እኔ ጋ ሱቅ ነው የሚውለው። ልብስ ይተኩሳል። በግራ እጁ ነው ካውያውን የሚይዘው፤ ግን የሱሪ ጠርዝ ሲያወጣ እኔም አልደርስበትም። ጠረጴዛውን ራሱ ጎትቶ ከበሩ ትይዩ ስላደረገው፣ ደንበኛ ገና ደረጃውን ሲረግጥ ያየዋል። አንዳንዶቹ «ተኳሹ የት አለ?» እያሉ ይቀልዳሉ። እሱ አይስቅም፤ አይቀየምም።

እዚያ አንተ ጋ መጥቶ ሥራ ቢጀምር ያልከውን ለጊዜው እንተወው። ምክንያቱን ስትመጣ በአካል እናወራዋለን።

ራስህን ጠብቅ። ሹራቡን በነዳጅ ቦቴው ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 15

ለእህት ዓለም፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም ያው ነው፤ ከግሬደሩ ጋር ተለማምደው አብረው ይንቋቋሉ። ሹራቡ ደርሶኛል። ስፋቱ ለእኔና ለካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ አንድ ላይ ይበቃል፤ ከስቼ እንደሆን ልታውቂ ፈልገሽ ከሆነ በደብዳቤ መጠየቅ ይቀል ነበር።

እዚህ ስልክ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ ተራራው ጋርዶናል። ተራራውን ደግሞ መንገዱ እንዲያልፍ እየበሳነው ነው። እልኸኛ አለት ነው፤ ድማሚት ካልቀመሰ አይነቃነቅም።

የቦርዱን ነገር አደራ። ትንሹ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቁም። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይበል። ሰው ፊት እያቃሰተ፣ ቁስሉን ገልጦ እያሳየ የሚለምን ሰው አይቼ አንጀቴ አይችልም፤ የሚያየውም ሁሉ ፊቱን ነው የሚያዞርበት። ካሳው መብቱ ነው። መብቱን አንገቱን ደፍቶ ሳይሆን ቀና ብሎ ይውሰድ። የእማዬ ልጅ አይደል? እማዬ ያቺ የመጨረሻዋ ዕለት እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት «እኔ ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ?» ነበር ያለችው።

ምክንያቱን በአካል ያልሽኝ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ምን የሚሉት ምስጢር ነው? ጎበዝ ጎልማሳ ከእህቱ ሱቅ ቀሚስ ሲተኩስ ይዋል ነው የምትዪው? ሰውን የሚያደክመው ሥራ መፍታት ነው። እዚህ የጥበቃ ቦታ ክፍት አለ፤ ለአለቃዬ ስለ እሱ ነግሬዋለሁ።

ደግሞ ወንበሬን ማን ይዞታል? ከአባባ የወረስኩት ነው፤ ስመጣ በሩን እያየሁ እዚያችው ላይ ነው የምበላው። የያዘው ሰው ካለ ከአሁኑ ይልመድ።

ታላቅ ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን። ዛሬ ከዚህ የበለጠ ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም።

ውጤቱ ወጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት ሳነበው ክው ብዬ ቀረሁ። የሌላ ሰው መስሎኝ ስሙን ከእነ አባቱ፣ ከእነ አያቱ በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ አነበብኩ። የሌላ ሰው አይደለም። የትከሻው ጉዳት በአብዛኛው ድኗል፤ የአእምሮ ችግር ምልክት አልታየበትም ይላል። ጡረታው ተቆርጦ ለስሙ ያህል የምትሆን ቀረችለት። ከጦር ጉዳተኞች መዝገብ ስለወጣም መድኃኒቱን በነጻ ማግኘቱ በዚህ ወር ያበቃል። ያለ መድኃኒቱ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ።

እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። የሆነውን ልንገርህና ምን እንዳጠፋን አንተ ድረስበት።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሐኪሞች አሉ። ከወዲህ አንድ ወንበር አለ፤ ጀርባው ለበሩ ነው። ተቀመጥ ሲሉት፣ አመሰግናለሁ፣ መቆም ይሻለኛል አለ። እስኪጨርሱ ድረስ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ፣ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ፣ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም አንተ ያልከውን የፈጸመ መስሎኝ ኮራሁ። እንዴት ነህ አሉት። ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ አላቸው። ፈገግ አሉ፤ ወደዱት። እንቅልፍስ ሲሉት ደህና ነው አለ። አንዱ ሽማግሌ ሐኪም ተነሥቶ ትከሻውን በኮቱ ላይ ዳሰሰና ይሄን ኮት ማን ሰፋው አለ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ጋሼ፣ በደስታ ነበር ያልኩት። የሱቄን አድራሻ ሳይቀር ወሰደ።

ከውሳኔው ሥር ምክንያቱን ዘርዝረውታል። «ያለ ድጋፍ ለረጅም ጊዜ መቆም ይችላል። ትከሻው ተመጣጣኝ ነው። ሲጠየቅ በአግባቡ ይመልሳል፤ ስሜቱ የተረጋጋ ነው።» ትከሻው ተመጣጣኝ ነው ያሉት የእኔን ስፖንጅ ነው። ይህን ሳነብ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ የማላውቀው ባለ ክራንች ሰው ውሃ ሰጠኝ። እሱም ስሙን ፍለጋ ነበር የመጣው።

ትንሹ ስነግረው አልተናደደም፤ እንዲያውም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «ድነሃል ካሉ ድኛለሁ ማለት ነው» ብሎ ካውያውን ሰካ።

ይግባኝ ማለት ይቻላል ብለውኛል። ምን እንደምል ግን አላውቅም።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽን የቦቴው ሹፌር ምሳ ላይ ሰጠኝ። ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጠዋት ተነሥቼም ራሴን አልሆንኩም፤ ግሬደሩን ያለ ቦታው ነድቼ ያስተካከልኩትን ጠርዝ መልሼ ናድኩት።

የደነገጥኩት በእነሱ ብቻ አይደለም። በአንቺም ነው። የምን መድኃኒት ነው የምታወሪው? ያለ መድኃኒቱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ ያልሽው ምንድን ነው? እኔ ወንድሙ አላውቅም። ትከሻውን ተመቶ ተመለሰ፣ ዝምተኛ ሆነ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከጦርነት የመጣ ሰው ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል ብዬ ትቼው ነበር። ደብዳቤዎችሽን ካልጋዬ ሥር አውጥቼ አነበብኳቸው። ሁሉም ላይ «ትንሹም ደህና ነው» ይላል። ታዲያ ቦርዱ ምን አጠፋ? አንቺ ለእኔ ያልሽኝን አይደል እሱ ለእነሱ ያላቸው?

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ይቅር በይኝ። አንቺን ከመናገሬ በፊት ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ግን እዚህ ተራራ ሥር ተቀምጬ፣ ስለ ገዛ ወንድሜ የማላውቀው ነገር እንዳለ ከሰሌዳ ወሬ ስሰማ ምን ልሁን?

ለማንኛውም ለትንሹ በዚሁ ሹፌር እጅ ለብቻው ጽፌለታለሁ። እነሱን ደጅ አትጥና፤ ድነሃል ካሉህ ና፣ ቦቴው ያመጣሃል፣ የጥበቃው ቦታ አልተያዘም ብዬዋለሁ። አትቆጪኝ። እዚያ ተደፍቶ ከሚውል ከሰው ጋር ቢውል ይሻለዋል።

ለጠየቅኩሽ በቶሎ መልሽልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ


ኅዳር 29

ጋሼ፤ ትንሹ የለም።

ለእሱ እንደጻፍክለት ያወቅኩት ዛሬ ነው፤ ለእኔ የጻፍከውን ደብዳቤ ራሱ ተቀብሎ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ትቶልኝ ሄዷል። ሱቁን ስከፍት ካውያው ቀዝቅዟል። የደንበኛ ልብስ በሙሉ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ በየስሙ ተደርድሯል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው የሄደው። መድኃኒቱ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ የዳነ ሰው አይወስድም ብሎ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። አሸዋ ጫኝ መኪና በእናንተ በኩል ያልፋል ብለውኝ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው። ከእሱ ቀድሞ ቢደርስልህ ብዬ ነው። ድማሚት የምታፈነዱበት ቀን ከሆነ አስቁማቸው። ጋሼ፣ እባክህ አስቁማቸው።

ምስጢሩ ምንድን ነው ብለህ ነበር። ይኸው። ትንሹ ከተመለሰ ጀምሮ ተጋድሞ ተኝቶ አያውቅም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያንቀላፋው። የጎረቤት በር ሲወረወር ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አገኘዋለሁ። ከዚያ ይወጣና ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ ጨርቅ አቆሽሼብሽ ይሆናል ይላል። ያ የምትቀልድበት ወንበርህ የእሱ ሆኗል። እንግዳ ሳያውቅ የተቀመጠበት ቀን ምግብ አይነካም። ሱቅ መዋል የቻለው መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ደጅ አይወጣም ነበር።

ያልነገርኩህ ስለለመነኝ ነው። «ጋሼ ብቻ እንዳይሰማ» አለኝ። አንተን እንደ አባት ነው የሚያይህ። እኔም እሺ አልኩና ደህና ነው፣ ደህና ነው እያልኩ ጻፍኩልህ፤ ስጽፈው ስጽፈው እኔም ያመንኩት ይመስለኛል።

ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው።


ታኅሣሥ 2

እህቴ፤

ትንሹ እኔ ጋ ነው፤ በሕይወት አለ፣ አልተጎዳም። መጀመሪያ ይህን እወቂ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሆነው ከሆነ በማግስቱ ነው።

ያየሁትን ሙሉውን አልጽፍልሽም።

ሲመጣ ደስ አለኝ። ከቦቴው ሲወርድ ሙሉ ልብሱን አይቼ ሙሽራው መጣ ብዬ ቀለድኩ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ካምፑን አዞርኩት። ፊሽካ እንደሚነፋ፣ ከፊሽካው በኋላ አለቱ እንደሚፈነዳ፣ እኛ ያለንበት ሩቅ እንደሆነ ነገርኩት። ከከበደህ ድንኳን ውስጥ ሁን አልኩት። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለኝ። አመንኩት። ልክ እንደ ቦርዱ አመንኩት።

አለቱ ሲፈነዳ ከኋላዬ መጥቶ ጣለኝ። ራሴን በዚያ በተመታው ትከሻው ሸፍኖ በሙሉ ክብደቱ ላዬ ላይ ተኛ። ልነሣ ስል ጆሮዬ ሥር፣ «ፍንጭት፣ አትንቀሳቀስ። ውሃውን አምጥቼልሃለሁ» ይለኛል። ደጋግሞ፣ በለሆሳስ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ፍንጭት ማን ነው? የእኔ ጥርስ እንኳንስ ፍንጭት ሊኖረው ተነባብሮ ነው የበቀለው። እኔ ነኝ፣ ጋሼ ነኝ አልኩት፤ አልሰማኝም። ሠራተኞቹ ሊያነሡት ሲሞክሩ እጁ ከሸሚዜ አልላቀቅ አለ። በኋላ ተዉት አልኳቸው። ፀሐይ እስክትጠልቅ አፈር ላይ እንደዚያው ተኛን። ሲሥቁ የነበሩት ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ዙሪያችንን ቆመው ነበር።

ወደ ራሱ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው የእኔን ልብስ አቧራ ማራገፍ ነው። ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ለእትዬ አትንገራት።» ለእኔ እንዳትነግሪኝ አንቺን፣ ለአንቺ እንዳልነግርሽ እኔን። በመካከላችን ብቻውን ቁጭ ብሏል።

የኮቱ ስፌት ተተርትሮ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ትከሻውን ያየሁት። ከተመለሰ ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ያየሁት አንቺ የሰፋሽውን ነው። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ደህና ነኝ ይበል እያልኩ ከዚህ የማዝዘው እኔ ነበርኩ፤ የሚታዘዘው ደግሞ ይህ ሰው።

ነገ በቦቴው ይመለሳል። እስከ ዋናው መንገድ አጠገቡ ተቀምጬ እሸኘዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አለቃዬ አልፈቀደልኝም። ሹፌሩን ሬዲዮ እንዳይከፍት፣ በሩንም ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ነግሬዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው፤ ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ይግባኙን አስገቢ። ኮቱን እንዳትጠግኚው።

ወንድምሽ


ጥር 18

ለጋሼ፤

እንደምን አለህ? የትንሹ መድኃኒት አልተቋረጠም፤ የሆስፒታሉ ነርስ ይግባኙ እስኪወሰን ብላ ከየትም ከየትም ታብቃቃልን ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም ብላኛለች። እንዴት ሆነ ብለህ በሦስት ደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ዝም ያልኩህ ልደብቅህ አይደለም። ትናንት ቦርዱ ፊት ቀርበን ነበርና እሱን ይዤ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ኮቱን አልጠገንኩትም። ክሩ እንደተንዘለዘለ፣ ስፖንጁ እንደወጣ ለበሰው። ሰፊ ሆኜ የተተረተረ ልብስ ይዤ ሰው ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንበኛ እንዳያየኝ በጓሮ በር ነው የወጣነው።

ያው ክፍል ነው፣ ያው ወንበር፣ ጀርባው ያው ለበሩ። ሰብሳቢዋ ግን አዲስ ናት፤ ጠና ያለች የአእምሮ ሐኪም። ያ ኮቱን የወደደው ሽማግሌም አለ። ተቀመጥ አሉት። መቆም ይሻለኛል አለ። ጸሐፊው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ አየሁት፤ ያለ ድጋፍ መቆም ይችላል ብሎ ሊጽፍ ነው።

ጋሼ፣ እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ሄድኩና ወንበሩን አዞርኩት። ፊቱን ለበሩ፣ ጀርባውን ለጠረጴዛው። ትንሹ አየኝ፤ ከዚያም ተቀመጠ። ለሦስት ትልልቅ ሐኪሞች ጀርባውን ሰጥቶ፣ ያ ነውር የሚፈራው ልጅ፣ ተቀመጠ። አንደኛው ይሄ ምን የሚሉት ሥነ ሥርዓት ነው ሲል ሰብሳቢዋ በእጇ ከለከለችው። ለምን እንደዞረ ጠየቀች። ልመልስ አፌን ስከፍት «አንቺ አይደለሽም» አለችኝ።

ትንሹ ወደ በሩ እያየ፣ «በሩን ካላየሁ የምትሉኝ አይሰማኝም» አለ።

ከመቼ ጀምሮ አለችው። ከምሳው ጀምሮ አላት። የምን ምሳ ነው አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደሰማሁት ልጻፍልህ፤ ሁለተኛ እንዲደግመው የምጠይቀው አይደለም።

«ባዶ ቤት አግኝተን ሦስት ሆነን እየበላን ነበር። ሦስታችንም ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተናል፤ ደክሞን ነበር፣ ማንም አላሰበበትም። ፍንጭት ውሃ ጠማኝ አለ። እኔ ከጓሮ ልቀዳ በመስኮት ወጣሁ። ስመለስ አንድ እግሬ መስኮቱ ላይ እያለ በበሩ ቦምብ ተወረወረ። ትከሻዬ እዚያ ነው የቀረው። እነሱም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ውሃውን አምጥቼ ነበር» አለ።

ይህን ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን፣ ያን ወንበር ለምን እንደሚፈልገው ጠይቄው አላውቅም። አመል ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

ሰብሳቢዋ ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። ሌላ ወንበር ጎትታ ከጎኑ አስጠጋችና እሷም ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። «እንግዲህ አብረን እናየዋለን» አለችው። ከዚያ በኋላ ለጠየቀችው ሁሉ መለሰላት። ስለ እንቅልፉም፣ ስለ ካምፑም፣ አንተን ስለጣለህም። ኮቱንም አወለቀ። ሽማግሌው ባዶ ትከሻውን ዳሰሰና ባለፈው እንዲህ አልነበረም አለ። እንዲህ ነበር፣ የዳሰሱት የእኔን ሥራ ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ውሳኔው ገና ነው። ነርሷ ከሰጠችን መድኃኒት የቀረው ጥቂት ነው።

እህትህ


የካቲት 6

ጋሼ፤

ደህና አይደለሁም።

እትዬ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በግራ እጄ ስለሆነ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። ያቺን ከላይ ያለችውን መስመር ለመጻፍ ጠዋቱን ሙሉ ፈጀሁ። እማዬ ብታየኝ ሰላምታ ሳትሰጥ እንዴት ትጀምራለህ ብላ ትቆጣኝ ነበር።

ውሳኔው መጣ። እትዬ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌዎቹ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ፣ መንገዱን ሙሉ እየሮጠች መጥታ ነው የነገረችኝ። ራሴ ሄጄ አነበብኩት። «በጦርነት ምክንያት የደረሰ የአእምሮ ጉዳት» ይላል። ጡረታዬ ተመልሷል፤ ለዚህኛው ጉዳት ካሳም ታስቦበታል፤ መድኃኒቱም ይቀጥላል። በትከሻዬ ላይ ግን በከፊል ድኗል ባሉት ጸንተዋል። እትዬ በእሱ ደግሞ ልትከራከር ቀሚሷን ሰብስባ ተነሥታለች፤ ተዪው ብላት አልሰማችኝም። እኔን ከምትሰማ የልብስ ስፌት መኪናዋን ትሰማለች።

እኔ የደነገጥኩት በሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ «ጉዳት» ብለው ጽፈውታል። ከተመለስኩ ጀምሮ ፈሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር ጋሼ። ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ፣ ጥሩምባ የሚያስበረግገው፣ ወንበር የሚመርጥ ፈሪ። ለዚህ ነው አንተ እንዳትሰማ የለመንኳት። ጉዳት መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ደግሜ ደግሜ ሳነበው ከሰሌዳው ፊት መሄድ አቃተኝ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስሙን ሊፈልግ እየጠበቀ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ እንደቆምኩ ያስታወስኩት ቆይቼ ነው።

ስለ ፍንጭት ጠይቀኸኛል። እንዲያ የምንለው የፊት ጥርሶቹ መሐል ክፍተት ስለነበረው ነው። በዚያ ክፍተት ያፏጭ ነበር። ቀልዱ አንተን ያስመስለዋል፤ ሰውን አሥቆ ራሱ አይሥቅም። እዚያ ካምፕ ሙሽራው መጣ ብለህ ስትቀልድብኝ እሱን ነው ያስታወስከኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ። ያን ቀን እጅጌውን የቀደድኩብህን ሸሚዝ ላክልኝ፤ እትዬ ትሰፋዋለች፣ እኔ እተኩሰዋለሁ።

ለዕረፍት እንደምትመጣ እትዬ ነግራኛለች። ናልኝ። አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ያ ወንበር ያንተ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከአባባ የወረስከው ነው፣ ታላቃችን ነህ፣ ይገባሃል። ስትገባ ከመቀመጫዬ ብድግ እልልሃለሁ። ደህና ነኝ ጋሼ፣ ና እዚህ ተቀመጥ እልሃለሁ፤ አፌ ለምዶታልና ሳላስበው እለዋለሁ።

አትመነኝ። ወንበሩን ተውልኝ።

ታናሽ ወንድምህ